የሁለት መቶ ብሩ ሽልማት

የሰፈሩ ሹም ከአዳራሹ የፊት ወንበር ተነሥተው ወደ መድረኩ ሲራመዱ ሶዶ ከተማ በሙሉ ትንፋሹን ዋጠ፤ ከዳሞታ ተራራ የሚወርደው ነፋስ እንኳ ለአፍታ ቆመ። ፀጉሯን እንደ አውራ ዶሮ ያቆመችው የፓንክ ዘፋኝ፣ ውሃ ስለጠፋበት ቧንቧ የጻፈችውን ግጥም ሹሙ ላይ ጣቷን ቀስራ፣ በዓለም ላይ ተሰምቶ በማያውቅ ድምፅ ጮኻ ገና መጨረሷ ነበር። ሹሙ ፈገግ አሉና ሁለት መቶ ብር አውጥተው ግንባሯ ላይ ለጠፉባት። ያ ሁሉ ወቀሳ በአንዴ ሙገሳ መሰለ።

«በቃ፣ ተገዛችልህ!» አለ ከኋላ አንዱ።

ብሯን ብትጥላት በዕድሜ አባቷ የሚሆኑ ሰው ማዋረድ ነው፤ ብትተዋት ደግሞ ግጥሟ አበቃለት። ከኋላዋ ያለውን ከበሮ መቺ በእጇ ዝም አሰኘችው። ብሯን ከግንባሯ ላይ ቀስ ብላ አነሣች፣ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች፣ ከዚያ መልሳ ሹሙ ግንባር ላይ ለጠፈቻት። ማይኩንም አስጨበጠቻቸው።

«ጋሼ፣ እኔማ ጠየቅኩ፤ መሸለም ያለበት የሚመልሰው ነው። ውሃው መቼ ነው የሚመጣው?»

ሹሙ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ጠረጋው ጎረቤት ከተማ አረካ ድረስ ተሰማ። ማይኩን አዩ፣ ሕዝቡን አዩ።

«እውነቱን ልንገራችሁ?» አሉ በመጨረሻ፣ ዝግ ባለ ድምፅ። «እኔም ቤት የምንጠጣው በጄሪካን እያስቀዳን ነው።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ብሯ ግን ከሹሙ ግንባር አልወደቀችም፤ ላባቸው አጥብቆ ይዟት ነበር።