የአለበል ቁጥር

የሞጣው ቢሮ ፕሪንተር የሠራተኛው የይለፍ ቁጥር ካልገባለት አያትምም። የቢሮው ሠራተኛ አለበል በደጀን መንገድ ላይ በመኪና አደጋ ከሞተ ወዲህ ግን በእሱ ቁጥር ባዶ ወረቀት ማውጣት ጀመረ። የኮምፒውተር ባለሙያዋ ወይንእሸት ቁጥሩን የሰረቀ ሰው አለ ብላ ጠረጠረች።

"ቁጥሩን እስካሁን አላጠፋሽውም እንዴ?" አሏት ኃላፊዋ አቶ ወልደ ኪዳን።

"እጄ እንቢ ብሎኝ ነው፣ ጋሼ። ጓደኛዬ ነበር እኮ።"

ያን ጠዋት ጨክና ስሙን ከነቁጥሩ ሰረዘች፤ የኔትወርክ ገመዱንም ነቀለች። ወዲያው በፕሪንተሩ የተዘጋ ክዳን ሥር ኮፒ የሚያነሳው የስካነሩ ብርሃን ከዳር እስከ ዳር ሄደ። በወጣው ወረቀት ላይ የሰው መዳፍ ታትሟል፤ ትንሿ ጣት እንደ አለበል ጣት ቆልመም ብላለች።

ወይንእሸት ክዳኑን አነሳች። መስተዋቱ ላይ የመዳፉ ላብ ገና አልደረቀም።