አሥራ ሦስተኛው ብልት

ዶሮ ከምድር ከጠፋ ወዲህ የዓመት በዓል ወጥ የሚሠራው ከጥርሴ ነው። ጥርሴ ቁመቱ ከሰው ወገብ እምብዛም የማያልፍ፣ ላባም ጥርስም ያለው፣ ቤተ ሙከራ የፈለፈለው ፍጥረት ነው። የስንዱ ባል አዝመራው፣ ቤት ውስጥ ያደገውን ጥርሴ ጓሮ ባርኮ ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

«ጣቴን ያዘኝ» አለ።

«ሲወራጭ ነዋ» አለችው ስንዱ፣ ቢላዋዋን እየሳለች።

አሥራ ሁለቱን ብልት እንደ ደንቡ አውጥታ ሎሚ ውኃ ውስጥ ዘፈዘፈች። የክንፉ ጫፍ ግን ከአሥራ ሁለቱ ከየትኛውም አልገባ አላት። ላባውን ገለጥ ብታደርገው ሦስት ጣቶች ታጥፈው አገኘች። ዘረጋቻቸው። መዳፍ ነበራቸው፤ እንደ ሕፃን መዳፍ የለሰለሰ።

በዚህ መሐል ዓይናቸው የጠፋው አማቷ፣ እማማ ጌጤነሽ፣ ከጓዳ ተጣሩ።

«ስንዱ ልጄ፣ ዛሬስ ፀሐይ አታወጪኝም?»

ስንዱ ክው አለች። እሷ አንድም ቀን አውጥታቸው አታውቅም። ጠዋት ስትነሣ በረንዳ ላይ ፀሐይ ሲሞቁ ስታገኛቸው፣ ግድግዳ ዳብሰው የሚወጡ ይመስላት ነበር።

«እኔ እኮ እማማ...»

«በዓል ነው፣ ሥራ በዝቶብሽ ነው፤ አውቃለሁ። ቃል ሳትተነፍሺ እጄን ይዘሽ ስታወጪኝ፣ የነጠላሽ ዘርፍ ክንዴን ሲዳብሰኝ፣ ስመርቅሽ ነው የምውለው። ጥፍርሽን ብቻ ቁረጪው ልጄ፣ ትንሽ ይወጋኛል።»

ይህን ብለው እጃቸውን ወደ በሩ ዘርግተው ይጠብቁ ጀመር።