ባለ አራት እጅጌው ላስቲክ

“እዚያው ቁሚ! ሦስተኛው ደረጃ ላይ! ከዚያ አንድ እርምጃ ብትጠጊ እቆጣለሁ!”

አያት ይህን የሚሉት ከበሩ ውስጥ ዱካ ላይ ተቀምጠው፣ የቤታቸውን በር ከመቃን እስከ መቃን የሸፈነውን ላስቲክ እያቃኑ ነው። ቁጣቸው ግን ሳቅ ሳቅ ይለዋል። ፌንጣ የሚሏት የዘጠኝ ዓመት የልጅ ልጃቸውም አውቃባቸዋለች፤ ደረጃው ላይ እንደ ስሟ ትዘላለች።

አሥር ወር! አስም ስላለባቸው ወረርሽኙን ፈርተው በሩን ከዘጉ አሥር ወር ሞላቸው። ፌንጣን የሚያዩዋት በመስኮት፣ የሚስሟት በስልክ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ እጃቸው ሰው ነክቶ አያውቅም። አንድ ቀን ለደንበኛ የሰፉትን ኮት መስቀያው ላይ እንዳለ ትከሻውን መታ መታ አድርገው “እንዴት ዋልክ?” ብለውታል። ይህን ለማንም አልተናገሩም።

ባለፈው ማክሰኞ ምሳ እየበሉ ድንገት ሐሳቡ መጣላቸው። ማንኪያቸውን ጥለው ተነሱ። ወፍራሙን፣ ደብዘዝ አድርጎ የሚያሳየውን የጠረጴዛ ላስቲክ ዘረጉና አራት ረጃጅም እጅጌዎች ሰፉበት፤ ሁለቱ ወደ ውጭ የሚወጡ፣ የእሳቸው፤ ሁለቱ ወደ ውስጥ የሚገቡ፣ የልጅቷ። ጫፋቸውን እንደ ጓንት ደፈኑት። አርባ ዓመት ልብስ ሲሰፉ ልባቸው እንዲህ የዘለለበት ሥራ የለም።

አሁን የቀረው የልጃቸው ፈቃድ ነው። የፌንጣ እናት ነርስ ናት፤ ከበሽተኞች ክፍል ቀጥታ መጥታ፣ ማስኳን እንዳደረገች ከደረጃው ሥር ቆማለች። እሷ አይሆንም ካለች አበቃ።

“እማዬ፣ ይሄን ማን አስተማረሽ?”

“ማን ያስተምረኛል? የገዛ ጭንቅላቴ ነዋ! ደግሞ እንዳይተረተር ብዬ ድርብ ነው የመታሁት!”

ነርሷ ወደ ላይ ወጣች። የበሽተኛ ጉሮሮ የምታይበትን ትንሽ ባትሪ ከኪሷ አውጥታ በስፌቱ ላይ አበራች። የአያት ቀሚስ ላይ ጥቃቅን የብርሃን ነጠብጣቦች በሁለት ረድፍ ተሰለፉ።

“አየሽው? መርፌው የሄደበት ሁሉ ቀዳዳ ነው። ድርብ ስለመታሽው ደግሞ እጥፍ ሆኗል።”

አያት ክው አሉ። ጨርቅ ቢሆን ክሩ ቀዳዳውን ይሞላው ነበር፤ ላስቲክ ግን እንደተበሳ ይቀራል። አርባ ዓመት ስፌት ላይ የተቀመጠ ሰው ይህ እንዴት ይጠፋዋል?

ፌንጣ መዝለሏን አቆመች። “አይሆንም ማለት ነው?”

“ሂዱ በቃ፣ ሂዱ! እኔ ሞኝ፣ ልጅቷን በከንቱ አስጓጓሁ! ደግሞ ብርዱ ሳይመታት ሹራቧን አልብሻት…”

“ኧረ ተይ እማዬ፣ ማን ይሄዳል?” ነርሷ ቦርሳዋን እየበረበረች ነበር። ውሃ የማያስገባ ሰፊ የቁስል ፕላስተር መዘዘች። “አንቺም ጋ የዕቃ ማሸጊያ ፕላስተር አይጠፋም። አንቺ ከውስጥ፣ እኔ ከውጭ።”

አያት መሳቢያቸውን ዘረገፉት። እናትና ልጅ ላስቲኩን መሃል አድርገው እየተጣደፉ መለጠፍ ያዙ።

“ቀጥ አድርጊው እንጂ! ድሮም ቀጥ ያለ መስመር አይሆንልሽም!”

“እስካሁን አለጣጠፍሽ ጠመመ ያለኝ በሽተኛ የለም።”

“አቅም አጥቶ ነዋ!”

ፌንጣ ባትሪውን ተቀብላ እያበራች “አንድ ቀረ! እዚህ ጋ! ሌላም አለ!” ትላለች። በመጨረሻ የአያት ቀሚስ ላይ አንድም ነጠብጣብ አልቀረም።

“ማስካችሁን አድርጉ። እማዬ፣ የጓሮውን መስኮት ክፈቺ። ፊታችሁን ወደየጎን። አንድ ደቂቃ ብቻ!” አለች ነርሷ።

“ሁለት!” አለች ፌንጣ፣ እጆቿን እጅጌው ውስጥ እየወረወረች።

ላስቲኩ ተንኮሻኮሸ። አያት መጀመሪያ ያገኙት ትከሻ ነው፤ ቀጥሎ ክንድ፣ ቀጥሎ እንደ መሰላል የሚቆጠር ጎድን፤ ከዚያ ሙቀት። የላስቲኩ ሽታ አፍንጫቸውን ሞላው፤ ማን ግድ ሰጠው!

“ኧረ አድገሻል! አጥንት ብቻ ሆነሻል! ኧረ ጉድ፣ ምን እያበሏት ነው!” ይላሉ። ፌንጣ ትስቃለች፣ እሳቸው ይስቃሉ፤ ሳቁ በላስቲኩ በኩል ሆዳቸውን ያንቀጠቅጠዋል።

ደቂቃው አለቀ። ነርሷ እጅጌዎቹን በአልኮል ጠረገች። ጠርጋም ጨርቁን በእጇ እንደያዘች ቀረች።

“ምነው? ቀዳዳ አገኘሽ?” አሉ አያት ደንግጠው።

“አይ… እኔስ እማዬ?”

አያት ልጃቸውን ቀና ብለው አዩዋት። አሥር ወር ሙሉ ‘ማስክሽን አጥብቂ፣ እጅሽን ታጠቢ’ ሲሏት ኖረዋል። ቀኑን ሙሉ የሰው ገላ በጓንት እየነካች ትውላለች። ቤቷ ስትገባ ልጇን እንዳታስይዝ ሳሎን ለብቻዋ ትተኛለች። እሷን ማን አቀፋት? እንዴት አንድ ቀን እንኳ አልጠየቁም?

“ነይ” አሉ። “ነይ፣ የኔ ልጅ።”

እጅጌዎቹ የተሰፉት በፌንጣ ቁመት ነውና ነርሷ ደረጃው ላይ ተንበረከከች። ክንዶቿን አስገባች፤ ፊቷን ወደ ጎን አዙራ ጭንቅላቷን በላስቲኩ በኩል እናቷ ትከሻ ላይ ጣለች።

“እኔ ልቁጠር!” አለች ፌንጣ፤ ጀመረችም።

ቁጥሩ ሃያ ላይ ሲደርስ የነርሷ ትከሻ ወረደ። አርባ ላይ ክብደቷ ሁሉ አያት ላይ አረፈ። ክንዳቸው መዛል ጀምሯል፤ ግን አልተነቃነቁም።

“ስልሳ! አለቀ!”

ነርሷ አልተነሳችም። ላስቲኩ ላይ ከማስኳ ጠርዝ የሚያመልጠው የትንፋሿ ጉም በእርጋታ ይሰፋል፣ በእርጋታ ይጠባል። ፌንጣ አጎንብሳ የእናቷን የተከደኑ ዓይኖች አየች፤ ከዚያ አያቷን አየች። አያት ‘ቀጥዪ’ በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ።

ፌንጣ ከእናቷ ጎን ቁጢጥ ብላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ቀስ እያለች እንደገና ከአንድ ጀመረች።