የእንጆሪ ሽታ

ሐኪሙ ሰው ሠራሹን ጥርስ መንጋጋው ላይ በብሎን ካሰረለት በኋላ «ሲጋራም ሆነ ቬፕ የሚሉትን የኤሌክትሪክ ሲጋራ እንዳትነካ፤ ድድህ ይቆስልና ጥርሱ ይላላል» አለው። ለዚያ ጥርስ የአንገት ሀብሏን የሸጠችው ሚስቱ የሺመቤት አጠገቡ ቆማ ሰምታለች። ቤት እንደገቡ በሟች እናቷ መቃብር አስማለችው።

ዓመት ሳይሞላው ሸሚዙ እንጆሪ እንጆሪ ይሸት ጀመር። የሺመቤት «የየትኛዋ ሽቶ ነው?» ብላ ሽማግሌ ሰበሰበች።

«እውነቱን ተናገር ልጄ፤ ሴት ይዘሃል?» አሉት ጋሽ ድንበሩ።

ኪሱ ውስጥ ያለውን የእንጆሪ ጣዕም ያለው ቬፕ ዳበሰ። የማለበት መቃብር ትዝ አለው። በሙት ምሎ ከመክዳት፣ ሴት መያዝ ሳይሻል አይቀርም።

«ይዤ ነበር። አሁን ትቻታለሁ።»

የሺመቤት አለቀሰች። እሱም በሽማግሌዎቹ ፊት ተንበርክኮ ይቅርታ ጠየቀ። በመጨረሻ ልቧ ራርቶ ከእርቁ ዳቦ ቆርሳ በእጇ አጎረሰችው።

ቀጭ አለ። ጥርሱ ከነብሎኑ ምንጣፉ ላይ ወደቀ።

የሺመቤት አነሳችው። ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ ደጋግማ አሸተተችው።

«ጋሽ ድንበሩ፣» አለች፣ «ሴት አልያዘም። እርቁ ይፍረስልኝ።»