ሁልጊዜ የሚያረፍደው ተጫዋች እና ቅዳሜ ቅዳሜ የምትበቅለው ጉብታ

«ስምህን ሰርዤዋለሁ!»

አሰልጣኙ የስም መቆጣጠሪያ ደብተሩን ጠረቀመው...

ፊቱ የቆመው ልጅ ሱሪው ላይ ሲሚንቶ ደርቋል። ግንበኛ ነው። ጓደኞቹ በሥራ መሣሪያው «ውሃልክ» ይሉታል።

በብሔራዊ የቤዝቦል ቡድኑ ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ ኳስ የሚቀበለው እሱ ነው። እጁ የገባች ኳስ አታመልጥም!

ግን ያረፍዳል። ልምምድ ቅዳሜ አንድ ሰዓት ይጀመራል፣ እሱ አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ እያለከለከ ከች ይላል።

«ኮች፣ ፎርማኑ ጋ ፈርሜ፣ አስፈቅጄ እኮ ነው የምመጣው...»

«ከቡድናችን ሹፌሩም ሥራ አለው፣ መምህሩም ሥራ አለው፣ ግን በሰዓቱ ይመጣሉ! ለአፍሪካ ውድድር አርፋጅ ይዤ አልሄድም። በቃ!»

«እሺ ኮች» አለና ጓንቱን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ሄደ።

እውነቱን ለመናገር አሰልጣኙም ከፍቶታል። እንደዚህ ልጅ ያለ ተቀባይ የለውም። ግን በሰዓት ቀልድ አያውቅም።

እስቲ አንድ ነገር ላስረዳችሁ... በቤዝቦል ኳስ ወርዋሪው የሚቆመው ከስንዝር ትንሽ ከፍ ባለች የአፈር ጉብታ ላይ ነው። ባለፈው ውድድር ጉድ የሠራቻቸው እሷ ናት። ለጥ ባለ ሜዳ የለመደው ወርዋሪያቸው እዚያ ጉብታው ላይ ሲወጣ ኳሷ አልታዘዝ አለችው። ተሸንፈው አንገታቸውን ደፍተው ተመለሱ።

የሚለማመዱበት ሜዳ ደግሞ የእግር ኳስ ነው። ጉብታ ቢሠሩ ባለ እግር ኳሶቹ በማግስቱ ይደለድሉታል።

ዘንድሮ ግን ተአምር ነው... ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ጉብታዋ ተሠርታ ትጠብቃቸዋለች!

አሰልጣኙ «የሜዳው ዘበኛ ናቸው» ብሎ ደምድሟል። በየሳምንቱ እጃቸውን ጨብጦ «አባቴ፣ ዕድሜ ይስጥልን» ይላቸዋል። «ምን አደረግኩና ልጄ» ይላሉ። ትሕትናቸው!

በቀጣዩ ቅዳሜ የተጫዋቾቹን ዝርዝር የሚያስገባበት ቀን ነው። እንቅልፍ እምቢ ሲለው በማለዳ ሜዳው ሄደ። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል...

አንድ ሰው ሲባጎ ወጥሮ፣ አጎንብሶ አፈር ይጠቀጥቃል።

ውሃልክ!

«አንተ... እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ጉብታዋን ነዋ ኮች። እንደጨረስኩ ሳይት ሮጬ አንድ ሰዓት ላይ እፈርምና እመለስ ነበር... ለዚያ ነው የማረፍደው።»

«እኒህ አባት አይደሉም እንዴ የሚሠሩት?!»

ዘበኛው ከበሩ ሆነው «ኧረ እኔ በር ስለከፈትኩ የምታመሰግነኝ መስሎኝ!» አሉ።

«ለምን አልነገርከኝም ታዲያ?»

«ምክንያት የምደረድር እንዳይመስልብኝ ብዬ ነው።»

«ሰርዤህ የለም እንዴ! ዛሬ ምን አመጣህ?»

ውሃልክ አፈሩን ረገጥ ረገጥ አደረገው።

«የተሰረዝኩት እኔ ነኝ ኮች። ወርዋሪያችን አልተሰረዘም።»

አሰልጣኙ አፈረ። ኮቱን አውልቆ አካፋውን ያዘ።

አንድ ሰዓት ላይ ተጫዋቾቹ ሲሰበሰቡ ደብተሩን ገለጠ። የውሃልክን ስም መለሰ። ከዚያ «አርፋጆች» በሚለው ሥር የራሱን ስም ጻፈ!

«ዓመቱን ሙሉ ቀድሞን የመጣው እሱ ነው። ያረፈድነው እኛ ነን።»

ከወር በኋላ በውድድሩ የመጀመሪያ ጨዋታ ወርዋሪው ጉብታው ላይ ወጣ። በእግሩ ዳሰሳት። ፊት ለፊት ቁጢጥ ያለውን ውሃልክን አይቶ ሳቀ፤ አገሩ ያለች የራሱ ጉብታ ነው የመሰለችው።

ሦስት መቺ... በተከታታይ... ከጨዋታ ውጪ! ጨዋታውንም አሸነፉ!

ወዳጆቼ፣ ያረፈደን ሰው የምናየው በር ሲገባ ብቻ ነው። ከመምጣቱ በፊት ምን ሲሠራ እንደነበር ግን አንጠይቅም። ከመፍረዳችን በፊት እንጠይቅ!

እናንተስ... «ማን ሠራት?» ብላችሁ ሳትጠይቁ በየቀኑ የምትቆሙባት ጉብታ የለችም? ሠሪዋን ዛሬ ኮሜንት ላይ አመስግኑት 👇