በኮቱ ኪስ የነበረው ፖስታ

በዚህ ዘመን ጥሬ ገንዘብ በኪሱ አጭቆ የሚዞር ወንድ፣ ወይ አርጅቷል ወይ የሚደብቀው ነገር አለው። የልብስ ሰፊዋ ባል ማርጀቱንስ አርጅቷል። እሷን ያስጨነቃት ሁለተኛው ነው።

ሰውየው ክብሪት እንኳ ሲገዛ በስልኩ ነው የሚከፍለው። ጡረታው በገባ ማግስት ግን ባንክ ሄዶ ግማሹን በጥሬው ያወጣል። ይህን የነገረቻት ከስፌት ቤቷ ጎን ያለችው ባለሱቅ ናት። የባንኩ በር ከሱቋ መስኮት ፊት ለፊት ነው፤ የሷ ዓይን ደግሞ ለእንዲህ ያለ ሥራ አይሰንፍም።

«እትዬ፣ ነገር ማመላለስ እንዳይመስልብኝ እንጂ» አለች ባለሱቋ፣ ልታመላልሰው በርጩማ ስባ እየተቀመጠች። «በስልክ የተከፈለ ገንዘብ ለማን እንደሄደ ተጽፎ ይቀራል። ጥሬው ግን የት ገባ ቢሉት አፍ የለው።»

ሰፊዋ ከስፌት መኪናዋ ቀና አላለችም። «ዘይት ገዝቶበት ይሆናል።»

«ዘይቱንማ ከኔ ነው የገዛው፤ በስልክ። ይልቅ ጫማውን አይተሽዋል? ሶሉ አፉን ከፍቷል። ለራሱ ካላወጣው፣ ላንቺም ካልሰጠሽ፣ ሦስተኛ ሰው አለ ማለት አይደለም?»

ሰፊዋ መርገጫውን ረግጣ መኪናዋን አስጮኸች። ጥርጣሬ ግን እንደ ብል ነው፤ ጨርቁን ከእጥፋቱ ነው የሚጀምረው። በማግስቱ ጠዋት ባሏ ፊቱን ሲታጠብ ኮቱን ፈተሸች። የውስጥ ኪሱ ውስጥ ፖስታ፣ ፖስታው ውስጥ ሃያ ድፍን ኖቶች አገኘች።

አልጮኸችም። ደረቷ ላይ ከሰካቻቸው መርፌዎች ወፍራሟን ነቀለችና፣ ጨርቅ ላይ ልኬት እንደምታስቀር ሁሉ፣ እያንዳንዱን ኖት ከማዕዘኑ ሦስት ቦታ ወጋችው። እንዲሁ ሲያዩት ምንም የለበትም። ወደ ብርሃን ሲያነሱት ግን ሦስት ነጥብ ያበራል። ፖስታውን መለሰችና ቁርስ አቀረበችለት።

በሦስተኛው ቀን ፖስታው ከኮቱ ኪስ ውስጥ አልነበረም።

ባለሱቋ ፀጉር ሠሪዋን ጠረጠረች። «በሷ በር ሲያልፍ እርምጃው ይዘገያል» አለች። ሰፊዋ ዝርዝር ሰብስባ ሄደች።

«እህቴ፣ ዝርዝር በዛብኝ፤ በድፍን ቀይሪልኝ።»

ፀጉር ሠሪዋ ሰጠቻት። ሰፊዋ እያንዳንዱን ወደ መስኮቱ አነሳችው።

«ሐሰተኛ የምሰጥሽ መሰለሽ እንዴ እትዬ?»

«ዘመኑ ነዋ።»

ምንም የለም። ሻይ ቤት ገባች፤ ምንም የለም። ከሰፈሩ ሴት ሁሉ እጅ ድፍን ስትቀይር፣ ወደ ብርሃን ስታነሳ፣ ስትመልስ ሳምንቱ አለቀ። ሰዉም «ይቺ ሴትዮ ባንክ ልትከፍት ነው» ማለት ጀመረ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ባለሱቋ እያለከለከች ገባች። «አሁን በዓይኔ አየሁት። ፌርማታው ጋ ቆሞ ለአንዲት ሴት ከኪሱ አውጥቶ አስጨበጣት። ፊቷን አላየሁም እንጂ ወገቧ ያማረ ነው። እየተሳሳቁ ነበር፣ እትዬ።»

ሰፊዋ ልትመልስ አፏን ስትከፍት አንዲት ደንበኛ መጋረጃዋን ልትወስድ ገባች። በዋጋው ሳትከራከር ከፍላ፣ «እጅሽ ይባረክ» ብላ፣ አውቶቡሱ እንዳያመልጣት እየተቻኮለች ወጣች። ሰፊዋ ገንዘቡን እንደተጣጠፈ መሳቢያዋ ውስጥ ወረወረችው። የስልክ ክፍያ ቁጥሯ ግድግዳው ላይ አቧራ ጠጥቶ ተለጥፏል።

«ያንቺ ደንበኛ ግን ጨዋ ነው» አለች ባለሱቋ። «የኔው ለአንድ ሳሙና ነፍሴን ያወጣል።»

«ተዪኝ እስቲ። ምን ዓይነት ሴት ናት? ወጣት ናት?»

«ከጀርባ ሁሉም ወጣት ነው።»

እኩለ ቀን ላይ ባሏ እንደ ልማዱ ምሳዋን ይዞላት መጣ። የቀኝ ጫማውን በሲባጎ አስሮታል። ሰፊዋ ልብሱን አጭቃ ከቤት ያመጣችው ሻንጣ በሩ ሥር ተቀምጦ ሲያይ ሳህኑን ቀስ አድርጎ አስቀመጠ።

«ፖስታው የት ገባ?» አለችው።

«ኮቴን ፈተሽሽ?»

«ኮቱን የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ኪሱን አላጣውም። የት ገባ?»

«ለቤታችን ነው ያዋልኩት።»

«አንተና እሷ ደግሞ ቤት አላችሁ?»

ሰውየው አቀርቅሮ የታሰረ ጫማውን አየ። «በሞቴ፣ ይሄን አትጠይቂኝ።»

«እሺ፣ አልጠይቅህም። ሠላሳ ዓመት አብረን ኖርን፤ ይበቃል። ሻንጣህ ያው። የጡረታህ ሳንቲም አትናፍቀኝም። ያ የተዘጋጀ ልብስ መደብር ሲከፈት የሰፈሩ ሰፊ ሁሉ መኪናውን ሸጠ። እኔ ግን ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ የተኛሁት ሁለት ወር ብቻ ነው። ከዚያ ደንበኛ በገዛ እግሩ መጣልኝ። እጄ ያኖረኛል።»

«እሱስ ያኖርሻል» አለ ባሏ። ሻንጣውን አነሳ።

ባዶ እጁን ሰደደችው እንዳትባል ሰፊዋ የመኪናዋን መሳቢያ ሳበች። ለመሳፈሪያ ልትወረውርለት የሳምንቱን ገቢ በእፍኟ ዘግና አወጣች። ሳምንቱን ሙሉ እጇ ለምዶ ኖሮ፣ የላይኛውን ኖት ሳታስበው ወደ መስኮቱ አነሳችው።

ሦስት ነጥብ ብርሃን ፊቷ ላይ አረፈ፤ ሁለተኛውን አነሳች፣ ሦስት፤ ሦስተኛውን፣ ሦስት።