ባለቤቱ ይሙላ

በያጁ የዚያን ትራክተር ድምፅ ከሩቅ ይለየዋል። ታናሽ ወንድሙ እየነዳው በወርክሾፑ በር አጠገብ ወደ እርሻው ባለፈ ቁጥር ሥራውን አቁሞ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ካየው አንጀቱ እርር ይላል።

አባታቸው ሲሞት ለታላቁ ወርክሾፑን፣ ለታናሹ ትራክተሩን ተወላቸው። ሰው ሁሉ ደግ አከፋፈለ አለ። ለበያጁ ግን አልተዋጠለትም። ትራክተሩ በዕድሜ እሱን የሚበልጥ፣ በቤንዚን የሚሄድ ቀይ ሽማግሌ ነው፤ ቢሆንም አባትየው እንደ ዓይኑ ብሌን ነበር የሚያየው። ለታናሹ ወንበሩ ደረሰው፣ ለእሱ ጭሱ።

በዚህ ላይ የታናሹ ሚስት አለች። ያኔ በልጅነት በያጁ ምን ብሎ እንደሚያናግራት ቃል ሲያማርጥ፣ ታናሹ ቀድሞ አናገራትና አገባት። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም ይባላል፤ ሚስትም እንደማትገባበት በያጁ የተረዳው ዘግይቶ ነው። እስከ ዛሬ ወንደላጤ ነው።

ቤታቸው ሲሄድ ሴትየዋ ገና ከበሩ ትቀበለዋለች። «ጋሼ፣ እስቲ ይህን ወንበር እየው። ወንድምህ እንደሆነ ምስማር መምታት እንኳ አይሆንለትም» ትላለች። በበያጁ ቀልድም እንባዋ እስኪመጣ ትስቃለች። ታናሹ በዚህ መሃል ከብቶቹን ልይ ብሎ ውልቅ ይላል። በያጁ ደግሞ የምትስቀው አዝናለት እየመሰለው፣ ወደ ቤቱ ሲመለስ መንገዱን ሙሉ ይብሰለሰላል።

አንድ ጠዋት ታናሹ የትራክተሩን የነዳጅ ታንክ ፈትቶ በጋሪ አመጣው።

«ጋሼ፣ አንገቱ ሥር ተሰንጥቋል። ስነዳው ቤንዚኑ እየተናጠ የጋለው የጭስ ማውጫ ማርሚታ ላይ ይንጠባጠባል።»

«እስከ ዛሬ እንዴት ሳትነድ ቀረህ?»

«እሷ ናት ያየችው። ለጋሼ ካልወሰድከው ልጆቼን እዚህ ትራክተር አጠገብ አላስደርስም አለች። እኛ ቤት ያላንተ ስም አይነጋም፣ አይመሽም።»

በያጁ አልሳቀም። ስንጥቁን ሊያይ ጎንበስ እንዳለ አንድ ክፉ ሐሳብ ሽው አለበት። ላዩን አሳምሮ በይዶ፣ የመርፌ ጫፍ የምታክል ቀዳዳ ቢተውለትስ? ዛሬ አታፈስም። ነገም አታፈስም። አንድ ቀን ግን እርሻው መሃል፣ ማርሚታው እንደጋለ... ማን ይጠረጥራል? ትራክተሩ አርጅቶ ነው ይባላል፣ አለቀ።

ራሱን ነቀነቀ። ሐሳቡ ግን አልወጣለትም።

«አሁኑኑ አትበይደውም?» አለ ታናሹ። «ባዶ እኮ ነው።»

«አንተ ሞኝ፣ የሚገድለው ባዶው ነው! ቤንዚኑ ቢወጣም ትነቱ ውስጡ ይቀራል። መጀመሪያ በሙቅ ውሃና በሳሙና ይታጠባል፤ ከዚያ ትነቱ መቀመጫ እንዳያገኝ ስንጥቁ ሥር እስኪደርስ ውሃ ይሞላል።»

«ካልተሞላስ?»

«ጣሪያውን ይዞት ይሄዳል። እኔንም ጭምር።»

ታናሹ ነገር ቶሎ አይገባውም፤ ደግሞ ጠየቀው። በያጁም እየተነጫነጨ ደግሞ ነገረው።

በዚያ ወርክሾፕ ከአባታቸው የቀረ አንድ ሕግ አለ። ታንኩን የሚያጥበውም ውሃውን የሚሞላውም ባለቤቱ ነው። ውሃ የሞላ ታንክ ሁለት ጎረምሳም ስለማያነሳው፣ የሚሞላው እዚያው መበየጃው ጠረጴዛ ላይ ነው። ባለቤቱ «ሞልቻለሁ» ካለ በያጅ ከፍቶ አያይም። የሰውን ቃል በባትሪ መፈተሽ ነውር ነው ይል ነበር አባትየው።

ታናሹ የውሃውን ጎማ ይዞ ቀረ። በያጁ የብየዳ ሽቦ ሊገዛ ወጣ።

ሱቁ በር ላይ የታናሹ ሚስት ሁለቱን ልጆቿን በሁለት እጇ ይዛ አገኘችው።

«ወዴት ነው?» አላት።

«እናቴ ቤት። ዛሬ ከየት እንደመጣበት እንጃ፣ ልጆቹን ይዘሽ እዚያ ዋዪ አለኝ።»

ሽርሽርም ይልካታል፣ አለ በያጁ በሆዱ፤ እንደገና እርር አለ። እሷ ግን ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ጋሼ፣ ያን ታንክ አደራ። ልጆቹ ከትራክተሩ ላይ አይወርዱም። ወንድምህም ቢሆን ካንተ ሌላ ማን አለው?»

ትንሿ ልጅ ጥቀርሻ የለበሰ ጣቱን ያዘችው። በያጁ በሌላው እጁ ራሷን ዳበስ አድርጎ ሄደ።

ሲመለስ ታናሹ የውሃውን ጎማ እየጠቀለለ ነበር። ወለሉ ርሷል።

«በሳሙና አጠብከው?»

«በደንብ አድርጌ።»

«ውሃውስ?»

«ሞልቻለሁ።»

«እንግዲያው ቁምና እይ፤ አንድ ቀን ይጠቅምሃል።»

«አይ ጋሼ፣ ብርሃኑ ዓይኔን ያመኛል። ከመንገዱ ማዶ ሆኜ እጠብቅሃለሁ» አለና ፈጠን ፈጠን እያለ ተሻገረ።

በያጁ መነጽሩን አጠለቀ። ዓይኖቹ እንባ አቅርረዋል። ይህን ሁሉ ዓመት የተሸከመውን ቅናት ዛሬ ተጠየፈው። አንድ ወንድሙን፣ የእነዚያን ሕፃናት አባት! ያችን የመርፌ ጫፍ የምታክል ቀዳዳ ከልቡ ነቅሎ ጣላት። ይህን ታንክ ልክ አባቱ እንደሚበይደው አድርጎ ይበይደዋል፤ ከዚያም ከወንድሙ ጋር አብረው ይበላሉ፣ እንደ ልጅነታቸውም ይሳሳቃሉ። ጋዙን ከፈተና እሳቱን ለኮሰ።

ስንጥቁ ጥላ ውስጥ ገብቶበታል። የሚነደውን መበየጃ በቀኝ እጁ ራቅ አድርጎ ይዞ፣ ታንኩን ወደ ብርሃኑ ጥቂት ሊገፋው በግራ እጁ ጠርዙን ጨበጠ።

ታንኩ በአንድ እጁ ከጠረጴዛው ብድግ አለ።